ያገኘ ይደብቃል

በገዳሪፍ ከሰሊጥ ገበያው ጀርባ ያለውን ግቢ በወረቀት ስሙ የሚጠራው የለም። በሩ ላይ በአማርኛና በዓረብኛ «የጎልማሶች ትምህርትና የሙያ ማሠልጠኛ ማዕከል» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ቀለሙ ለቋል። ሰው የሚለው «ማታ ቤት» ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ትምህርት የሚጀመረው እርሻ ላይና ገበያ ውስጥ የዋለው ሰው ከተመለሰ በኋላ ነበር። ኋላ ቀን ቀን ማስተማር ሲጀመርም ስሙ አልተለወጠም።

የመሠረቱት በጦርነቱና በድርቁ ዘመን ድንበሩን ተሻግረው የመጡ ሰዎች ናቸው። መጀመሪያ አንድ የሣር ዳስ ብቻ ነበረች፤ ሱዳኖቹ ራኩባ የሚሏት ዓይነት። እዚያ ውስጥ ጎልማሶች ፊደል ቆጠሩ። አብዛኞቹ የፈለጉት ለዘመድ የሚልኩትን ደብዳቤ ሌላ ሰው ሳይለምኑ መጻፍ ነበር። ቀጥሎ ዓረብኛ ተጨመረ፤ ያለ ዓረብኛ መታወቂያ ማውጣት አድካሚ ስለሆነ። ከዚያ የልብስ ስፌት ተከፈተ። ግንቡ ከዚያ በኋላ ተሠራ፤ ሞተሩም የመጣው በዚያው ዓመት ነው።

ሞተሩ በነፋስ የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አንድ ሲሊንደር የውሃ መሳቢያ ነው። አንድ የባሱንዳ ገበሬ «ሞቷል» ብሎ የጣለውን በጋሪ አስጭኖ ላከላቸው። ሑመራ እርሻ ላይ መካኒክ የነበረው አስናቀው ፈታው፣ አጠበው፣ ገጠመውና አስነሣው። ችግሩ የመጣው ከዚያ ነው። ሞተሩ ከዳነ በኋላ በግቢው ውስጥ ለትምህርት የሚሆን የተበላሸ ነገር አልቀረም። አስናቀው ራሱ እያበላሸ ተማሪዎቹን ማስፈለግ ጀመረ። ብዙም ሳይቆይ ተማሪዎቹ ዘዴዎቹን ሁሉ ለመዱት፤ አዲሶቹ ከነባሮቹ ጠይቀው ይገቡ ጀመር። አንድ ቀን አስናቀው ብልሽቱን ያገኘውን ተማሪ፣ «በል እንግዲህ፣ አሁን አንተ ደብቅ» አለው።

ወጉ ይኸው ሆኖ ቀረ። ያገኘ ይደብቃል። ደንቡ የተጻፈበት ቦታ የለም፤ የማያውቀው ተማሪም የለም። ዕቃ አይሰበርም። የደበቀ ሰው ያደረገውን ለማንም አይናገርም። የምስክር ወረቀት የሚሰጠው የደበቁትን ብልሽት ሌላ ሰው ሲያገኘው ነው። ፈላጊው ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ሻይ ይቀመጥለታል፤ ሻዩ ሳይቀዘቅዝ የተገኘ ብልሽት በጣም ቀላል ነው ተብሎ አይቆጠርም። ጨርሶ ሳይገኝ ቀርቶ ደባቂው ራሱ ካሳየው ደግሞ ወረቀት የለም። ይህ የመጨረሻው ከበደን የሚሉ ተማሪዎች ነበሩ። የአስናቀው መልስ አንድ ነበር፤ «ሰው ሊያገኘው የማይችል ብልሽት ትምህርት አይደለም። ተንኮል ነው።»

ከገዳሪፍ እስከ ዶካ ያሉ የእርሻ ባለቤቶች የማታ ቤትን ወረቀት ያውቁታል። የያዘውን ሰው ሳይፈትኑ ትራክተር ያስረክቡታል።

የመጨረሻዋ ደባቂ ኡምሰልማ ናት። ወላጆቿ በመተማ በኩል የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፤ እሷ ገዳሪፍ ተወለደች። ወደ ሞተር ክፍሉ የገባች የመጀመሪያዋ ሴት አይደለችም፤ እስከ መጨረሻው የቆየች የመጀመሪያዋ ግን እሷ ናት። ብልሽቷን የደበቀችው ረመዳን ሊያልቅ ሲል ነበር። ፈላጊው ጣሃ የሚባል ተማሪ ነበር፤ ከዒድ በኋላ ሊጀምር ቀጠሮ ነበረው። ዒድ ሳይደርስ ካርቱም ላይ ጦርነት ተነሣ። ጣሃ ከእናቱ ጋር ወደ መተማ ተሻገረ። በማታ ቤት ክፍሎች ከካርቱም፣ ከዚያም ከመደኒ፣ ከዚያም ከሲንጃ የተፈናቀሉ ቤተሰቦች ገቡ። የስፌት መኪኖቹ ጥግ ተከምረው ሸራ ለበሱ። የሞተሩ ክፍል ተቆለፈ፤ ሞተሩ ከነብልሽቱ ውስጥ ቀረ።

ኡምሰልማ ከዚያ ወዲህ ገበያው ውስጥ ሰሊጥ ስታበጥር ኖረች። ዘንድሮ ክረምቱ ሲገባ ዶካ ሄዳ ሙዳሲርን አነጋገረችው። ሙዳሲር የውሃ መሳቢያና ትራክተር የሚጠግን ትልቅ ጋራዥ አለው፤ ሠራተኛ ይፈልግ ነበር። ከእግሯ እስከ ጥርሃዋ፣ እስከ ራስ መሸፈኛዋ፣ አያት።

«እጅሽን አላውቀውም፤ የአስናቀውን ወረቀት ግን አውቀዋለሁ» አላት። «ይዘሽ ነይ። የሰሊጡ አረም ከተጀመረ ግን አልጠብቅሽም፤ ሌላ ሰው አስገባለሁ።»

በማግስቱ ማታ ቤት መጣች። አስናቀው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ከማሉም ከጎኑ። ከማሉ ማታ ቤትን የሚያስተዳድረው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው፤ ገበያው ውስጥ የቅመም ሱቅ አለው።

«ይፈርሙላትና ትሂድ» አለ ከማሉ ሰምቶ ሲጨርስ። «ማኅተሙ እኔ ጋ ነው። አሁን አመጣዋለሁ።»

«አልተገኘም» አለ አስናቀው።

«ጣሃ መተማ ነው ያለው ጋሼ! ማን እንዲያገኘው ነው?»

«እኔ አለሁ አይደል?»

ከማሉ ወደ ኡምሰልማ ዞረ። «አንቺስ ምን ያዘሽ? ንገሪውና ይለቅ።»

«ከነገርኩማ ኸላስ፣ አለቀ፣ ወረቀት የለም» አለች ወደ አስናቀው እያየች። «ኡስታዝ ያገኙታል። ሚያ ሚያ።»

ያን ጊዜ መቶ በመቶ ታምን ነበር።

ብልሽቱ ይህ ነው። በናፍጣው ማጠራቀሚያ፣ በሰልባትዮው፣ ክዳን ላይ መርፌ የምታህል ቀዳዳ አለች፤ ናፍጣው ሲቀንስ በቦታው አየር የሚገባባት። ኡምሰልማ ያችን ቀዳዳ በግራር ሙጫ ደፍና በጥላሸት አጠቆረቻት። ሞተሩ ይነሣል፣ ጥቂት ይሠራል፣ ሰልባትዮው አየር ሲያጣ ናፍጣው ስለማይወርድ ያስላል፣ ይቆማል። አስናቀው ደግሞ ሞተር ሲቆም ሁልጊዜ አስቀድሞ የሚያደርገው ነገር አለ። ክዳኑን ከፍቶ ናፍጣ መኖሩን ያያል። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር አየር ይገባል፤ በተዘጋ ጊዜ ሞተሩ እንደገና ይነሣል። ኡምሰልማ ብልሽቷን የሠራችው በዚህ ልማዱ ላይ ነው። ከደበቀች በኋላ በጣም ተደስታ ነበር።

አስናቀው ክፍሉን አስከፈተና ጀመረ። ሻይ ያቀረበችለት ሰሀር ናት። ሰሀር ካርቱም ሳለች የስልክ መሸጫ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ አሁን በማታ ቤት በረንዳ ላይ ሻይ ትሸጣለች። አስናቀው ሻይ የሚጠጣው ከከሰሉ ላይ እንደወረደ ነው፤ ሰሀር ጉሮሮው ቆዳ ነው ትለዋለች።

ሞተሩ ተነሣ፣ ሠራ፣ አሳለ፣ ቆመ። አስናቀው ክዳኑን ከፍቶ አየ፣ ዘጋ፣ አስነሣ። ሠራ። ቆመ።

«ይሄ እንደ ባሌ ነው» አለች ሰሀር በዓረብኛ። «ይነሣል፣ ትንሽ ያጉረመርማል፣ ተመልሶ ይተኛል።»

በረንዳው ላይ የነበሩት ሴቶች ሳቁ። አስናቀው አልዞረም።

ፊልትሮውን ፈትቶ አጠበ። የናፍጣውን ቱቦ ነፋው። ፓምፑን አውርዶ ገጠመው። ሻዩ በቀዘቀዘ ጊዜ ሌላ አላዘዘም። በማግስቱም እንዲሁ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናትም እንዲሁ። ኡምሰልማ ከሰሊጡ ሥራ ስትመለስ በሩ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች፤ ማየትን ደንቡ አይከለክልም። የካቻቢቴውን እንጨት እጀታ ጆሮው ላይ፣ ብረቱን ሞተሩ ላይ አድርጎ ያዳምጣል። ድሮ በዚህ መንገድ የማያገኘው ነገር አልነበረም። አሁን እጀታውን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ጆሮው ይይዛል፣ ይጫነዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።

አንድ ቀን ከኋላው ሆና «ኡስታዝ» አለችው። ሞተሩ ቆሞ ነበር፤ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። አልዞረም። ጮክ ብላ ደገመችው። አልዞረም። በሰሀር ቀልድ ያልዞረው ችላ ብሎ ሳይሆን ስላልሰማ እንደነበር ያን ጊዜ ገባት። ለማንም አልተናገረችም፤ እሱም አልተናገረም።

ከዶካ የሚመጡ ሾፌሮች ሰሊጡ ከመሬት እንደተነሣ ያወሩ ጀመር።

ዝናቡ የጣለው ዓርብ ቀን ከቀትር በኋላ ነበር። የገዳሪፍ አፈር ጥቁር ነው፤ አንዴ ከጠገበ ውሃ አያስገባም። የመንገዱ ቦይ ሞልቶ ወደ ግቢው ተመለሰ፤ ግቢው ከመንገዱ ዝቅ ያለ ነው። ውሃው የስፌት ክፍሉን ደፍ አለፈ። እዚያ የሲንጃ ቤተሰቦች ይተኛሉ፤ ለእርዳታ የተሰጣቸው የማሽላ ከረጢትም መሬት ላይ ነው። ሰዎች ውሃውን በባልዲ መጨለፍ ጀመሩ። ባልዲው ውሃውን አልቻለውም።

«ሞተሩን አውጡት!» አለ አስናቀው።

ከማሉና ሌሎች ሰዎች ተሸክመው በረንዳው ላይ አወጡት። መምጠጫው ግቢው ውስጥ ገባ፤ መትፊያው ቱቦ በአጥሩ ላይ አልፎ ወደ ቆላማው ሜዳ ተዘረጋ። አስናቀው እጀታውን አዞረ። ተነሣ። ውሃው በአጥሩ ማዶ መውደቅ ሲጀምር ሴቶቹ እልል አሉ። ጥቂት ቆየ። አሳለ። ቆመ።

አስናቀው ክዳኑን ከፈተ፣ አየ፣ ዘጋ። አዞረ። ተነሣ። ቆመ። ውሃው እንደገና ከፍ አለ። ሰሀር አልቀለደችም፤ የሰው ፍራሽ ጭንቅላቷ ላይ ተሸክማ ቆማለች። አስናቀው ለሦስተኛ ጊዜ ሲያዞር እጁ ከእጀታው አመለጠውና በጉልበቱ ወደቀ። ከማሉ ሊያነሣው ሄደ።

ኡምሰልማ በሩ ላይ ነበረች። የሰሊጡ አረም ደርሷል። ይህን ካደረገች የዶካው ሥራ እንደሌለ ታውቃለች። ወደ ሞተሩ መጣች፣ ከጥርሃዋ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቀለች፣ የክዳኑን ቀዳዳ ወጋች። ሙጫው ተሰብሮ ወደቀ። እጀታውን ይዛ አዞረች።

ሞተሩ ተነሣና አልቆመም። ቆላማው ሜዳ ኩሬ እስኪሆን ድረስ ሠራ። የማሽላው ከረጢት ከሥሩ ብቻ ረጠበ። ከአስናቀው በቀር መርፌዋን ያየ ሰው አልነበረም።

በነጋታው ከማሉ ማኅተሙን በኪሱ ይዞ መጣ።

«እንግዲህ ሰው ሁሉ አይቷል» አለ። «ቤቱን ያተረፈችው እሷ ናት። አሁንስ ምን ይጎድላል?»

አስናቀው ጉልበቱን በጨርቅ አስሯል። ክዳኑን በጣቶቹ መሀል ይዞ ያዞረዋል፤ በቀዳዳዋ ውስጥ ሰማዩን ያያል።

«አላገኘሁትም» አለ። «አሳየችኝ።»

«ምን ማለት ነው ጋሼ? ውሃው ውስጥ እንስጠም ነበር?»

«አላልኩም። ደግ አደረገች። ግን አላገኘሁትም።» ወደ ኡምሰልማ አየ። «ሙጫ ነበር?»

«ሙጫ ነበር፣ ኡስታዝ።»

«እኔ ክዳኑን ስከፍት እያየሽ።»

«እያየሁ።»

አስናቀው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ተወው። «እንዲህ ያለ ተንኮለኛ በዚህ ክፍል አላስተማርኩም» አለ። ከማሉ ስድብ መሰለው። ኡምሰልማ ስድብ አልመሰላትም፤ ግን ወረቀትም አልነበረም። ጥርሃዋን አስተካክላ ለመሄድ ተነሣች።

«ወዴት ነው?»

«ገበያ። ኸላስ አልተገኘም አሉኝ።»

«እኔ አላገኘሁም ነው ያልኩት። ብልሽቱ ግን ተገኝቷል፤ ሞተሩ ሲሠራ አይደል ያደረው? ማነው ያገኘው?»

ከማሉ ወደ ሞተሩ አየ። ኡምሰልማ መልሳ ተቀመጠች።

«አንች ነሽ» አለ አስናቀው። «ያገኘ ምን ያደርጋል?»

«ወላሂ ይሄ ሽማግሌ አብዷል» አለች ሰሀር ከከሰሏ ዘንድ፤ ነገሩን ከማሉ በዓረብኛ ሲነግራት። «የራሷን የደበቀችውን ራሷ አግኝታ ልትቀጣ ነው?»

«ያገኘ ይደብቃል» አለች ኡምሰልማ ለአስናቀው።

«ደብቂ እንግዲህ። ነገ እፈልጋለሁ።»

ሞተሩ ወደ ክፍሉ ከተመለሰ በኋላ ኡምሰልማ በሩን ዘግታ ከሱ ጋር ብዙ ተቀመጠች። አስቀድሞ የመጣላት ከበፊቱ የከፋ ተንኮል ነበር፤ ሠርታው ፈታችው። ቀጥሎ ቫልቩን ትንሽ አላላችው፤ ስታስነሣው ቀጭን የብረት ድምፅ ይሰጣል፣ ማንም ጤነኛ ጆሮ ይሰማዋል። አጠበቀችው። ድምፅ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሣች ተወችው። ከዚያ ወጥታ ከስፌት ክፍሉ ሸራ ሥር አንድ ቁራጭ ጨርቅ አመጣች። የሞተሩን የቆርቆሮ ሽፋን ፈትታ፣ በግድግዳው በኩል ባለው ጎን ነፋሱ የሚያልፍበት ቦታ ላይ ጨርቁን ወተፈችውና ሽፋኑን መልሳ አሰረች። በዚያ ጎን ነፋስ አያልፍም። ሞተሩ ሲቆይ ይግላል፣ ሲግል ይደክማል። ድምፁ ግን ያው ነው። ይህን የሚያውቀው እጅ ብቻ ነው፤ እሱም ሞተሩ ቆይቶ ሲሞቅ ነው ብላ አሰበች።

በማግስቱ አስናቀው ገባ። ሰሀር ሻዩን አጠገቡ አስቀመጠች፤ ይጨሳል። ከማሉና ኡምሰልማ በሩ ላይ ቆሙ።

አስናቀው መጀመሪያ የሰልባትዮውን ክዳን ፈትቶ በቀዳዳዋ ቀጭን ሽቦ አሳለፈ። ኡምሰልማን አያትና መልሶ ዘጋው። አስነሣው። ካቻቢቴውን ከመሣሪያዎቹ መሀል አነሣ፣ አየው፣ መልሶ አስቀመጠው። ከዚያ ሁለት መዳፎቹን በሞተሩ ግራና ቀኝ ዘረጋ፤ ሳይነካው፣ ሰው እሳት እንደሚሞቅ።

ነፋሱ ቀኝ እጁን መታው። ግራ እጁን አልመታውም።

ኡምሰልማ ይህን አላሰበችም ነበር። ሙቀቱን አሰበች እንጂ ነፋሱን አላሰበችም። እጁ ከገመተችው በላይ ፈጥኗል። የግራ መዳፉ እዚያው ቀረ፤ ጣቶቹን ዘርግቶ ሰበሰበ። ሻዩ አሁንም ይጨሳል። ኡምሰልማ ብርጭቆውን ብቻ ታያለች። አሁን ሽፋኑን ከፈታው፣ አልተቆጠረም። እንደገና ትደብቃለች፣ እንደገና ይፈለጋል፤ ሙዳሲር ደግሞ ሰው ያስገባል።

አስናቀው እጆቹን መለሰና ሞተሩን አጠፋው። ቀና ብሎ በርጩማው ላይ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አነሣ፣ ወደ አፉ አስጠጋ፣ ሳይቀምስ መልሶ መሬት ላይ አስቀመጠው።

«ሰሀር» አለ በዓረብኛ፣ «ካርቱም የስልክ ሱቅ ውስጥ ነበርሽ አሉኝ። የተበላሸም ትጠግኑ ነበር?»

ሰሀር ግራ ገባት። በማታ ቤት ከኖረች ጀምሮ ሰውየው ስለ ሻይ እንጂ ስለ ሌላ አናግሯት አያውቅም። «እኔ ሻጭ ነበርኩ» አለች። «መጠገኑን ከሌሎቹ አይቻለሁ፤ ስክሪን እንቀይር ነበር።»

«ሲቀየር መጀመሪያ ምን ይፈታል?»

ነገረችው። ስትነግረው አፏን ያያል። ስለ ትናንሽ ብሎኖቹ ጠየቃት፤ እንዴት እንዳይጠፉ እንደሚደረግ ጠየቃት። ማግኔት ላይ በየተፈቱበት ተራ እንደሚቀመጡ ስትነግረው ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ወደ ከማሉ ዞሮ ይህ ሞተር ከባሱንዳ የመጣ ቀን ጋሪው የቆመው የት እንደነበር ተናገረ። ከማሉ ታሪኩን ደጋግሞ ሰምቶታል፤ ሰዓቱን ያያል።

«ጋሼ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ» አለ ከማሉ። «ይቀየርልዎ?»

አስናቀው ጣቱን በብርጭቆው ጎን አስነካ። «እውነትክን ነው፣ ቀዝቅዟል» አለ።

አንሥቶ ሁሉንም ጠጣው። ሰሀር ፊቷን አጨማደደች። ከዚያ ተነሣ፣ ቁልፉን አነሣ፣ በግድግዳው በኩል ያለውን የቆርቆሮ ሽፋን ፈታ። ጨርቁን በሁለት ጣቱ ስቦ አወጣው። አበባ ያለው የቶብ፣ የሱዳን ሴቶች መጎናጸፊያ፣ ቁራጭ ነበር።

«ተገኘ» አለ።

ከማሉ ማኅተሙን ከኪሱ አወጣ። ወረቀቱ በረንዳው ላይ ተጻፈ፤ አስናቀው ፈረመ፣ ከማሉ አተመ። ኡምሰልማ ቀለሙ እስኪደርቅ በሁለት እጇ ይዛ ቆየች።

«የቫልቩን ብሎን ነክተሽዋል» አላት አስናቀው ቀስ ብሎ፤ «ዘይቱ ላይ የቁልፍ ምልክት አለ። ለምን ተውሽው?»

ኡምሰልማ ከወረቀቱ ቀና አለች። «ቀላል መሰለኝ» አለች።

አፏን አይቶ ገባው። «አዎ» አለ። «ቀላል ነው።»

ከማሉ በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት ክፍሎች ለትምህርት እንደሚለቀቁ፣ ቤተሰቦቹም ወደ ጎን ክፍሎች እንደሚዛወሩ ለሰሀር ነገራት። የሞተር ክፍሉ ተማሪ የለውም አላት። ሰሀር ከሰሏን አራገበች።

«እኔን ጻፈኝ» አለች። «ሻዩን ግን ሌላ ሰው ያፍላው።»

አስናቀው ይህን አልሰማም። ሁሉንም በእጁ ምልክት ከክፍሉ አስወጣቸው። ኡምሰልማ ቁልፎቹን ልታነሣለት ጎንበስ ስትል እሷንም ወደ በሩ ጠቆማት።

«አንችም። ያገኘሁት እኔ ነኝ።»

በሩ ተዘጋ። ሰሀር በረንዳው ላይ ቆማ ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች። ውስጥ የብረት ዕቃ ወደቀ፤ ሲሚንቶው ላይ ተንከባለለ፤ ማንም አላነሣውም።

«ወደቀበት» አለች ሰሀር። «አልሰማውም መሰለኝ። ልግባ?»

«እየደበቁ ነው፣ አይገባም» አለች ኡምሰልማ። ወረቀቱን አጥፋ በቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ዶካ አውቶቡስ ሄደች።